የነጻ ገጽ ዋጋ

ሰው በእጁ በያዘው ስልክ ላይ ዜና ከፍቶ፣ ወይም ስለ አንድ በሽታ ምልክት፣ ስለ አንድ ምግብ አሠራር፣ ስለ አንድ አገር ታሪክ ጠይቆ መልሱን በቅጽበት ሲያገኝ፣ ጸሐፊውም ሆነ አርታዒው፣ ገጹን ሌሊትና ቀን ክፍት አድርጎ የሚጠብቀው ባለሙያም ደመወዝ እንደሚቀበሉ፣ ጽሑፉና ሥዕሉ የሚቀመጡበት ሰርቨርም የመብራትና የኪራይ ዋጋ እንደሚጠይቅ ብዙ ጊዜ አያስብም፤ ከኪሱ አንዲት ሳንቲም ስትወጣ አላየምና። ነገር ግን ዋጋው ተከፍሏል። የከፈለው በአንባቢውና በጸሐፊው መካከል የገባ ሦስተኛ ወገን፣ ሸቀጡን ለማስተዋወቅ የሚፈልግ ነጋዴ ነው፤ የገዛውም የአንባቢውን ዐይን፣ ከዐይኑም ጋር ለጥቂት ሰኮንዶች የልቡናውን ማረፊያ ነው። ይህ ግብይት በየዕለቱ በቢሊዮን ለሚቈጠር ጊዜ ሲፈጸም፣ ከሦስቱ ወገኖች አንዱ፣ ይኸውም የሚሸጠው አንባቢ፣ ውሉን መቼ እንደ ተዋዋለ፣ በስንትስ እንደ ተሸጠ ሳያውቅ ይኖራል። ስለዚህ የግብይቱን ሥርዓት ከመሠረቱ አንሥቶ መግለጽ፣ አንባቢውም በበኩሉ የሰጠውን ምላሽ መመርመር ተገቢ መስሎ ይታየኛል።

ሥርዓቱን ኢንተርኔት አልፈጠረውም። በ1833 (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው) ቤንጃሚን ዴይ የሚባል የ23 ዓመት ወጣት አታሚ በኒው ዮርክ ከተማ ‹‹ዘ ሰን›› የተሰኘውን ጋዜጣ ሲያቋቁም፣ ሌሎቹ ጋዜጦች በስድስት ሳንቲም ይሸጡ ስለ ነበር ለሀብታም ነጋዴዎችና ለፖለቲካ ሰዎች ብቻ የተወሰኑ ነበሩ፤ እርሱ ግን የራሱን በአንድ ሳንቲም አወጣው። አንድ ሳንቲም የወረቀቱንና የቀለሙን ወጪ እንደማይሸፍን ያውቅ ነበር። ሐሳቡ ጋዜጣውን አርክሶ ብዙ አንባቢ መሰብሰብ፣ የተሰበሰበውንም አንባቢ ለአስተዋዋቂዎች መሸጥ ነበር፤ በዚህም ጥበብ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጋዜጣው በከተማይቱ እጅግ ከሚነበቡት አንዱ ሆነ። የዛሬው ድረ ገጽ ባለቤት የሚሄደው በዚሁ በዴይ ዱካ ነው፤ ልዩነቱ ዴይ አንባቢውን በጅምላ ሲሸጥ የዛሬው ባለ ገጽ አንድ በአንድ፣ በስም ባይሆን በመለያ ቍጥር፣ መሸጡ ነው።

ይህ ልዩነት እንዴት እንደ መጣ ለመረዳት ወደ 1994 መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት ኦክቶበር 27 ቀን ‹‹ዋየርድ›› የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ‹‹ሆትዋየርድ›› የሚል ድረ ገጽ ሲከፍት፣ በገጹ ራስጌ ላይ ስስና ረጅም የማስታወቂያ ሰሌዳ አኖረ፤ ይህም ዛሬ ባነር የምንለው ነው። ከመጀመሪያዎቹ ደንበኞች አንዱ የስልክ ኩባንያው ኤቲ ኤንድ ቲ ሲሆን፣ ሰሌዳው ተመልካቹን ‹‹እዚህ ላይ ጠቅ አድርገህ ታውቃለህን?›› በሚል መንፈስ ይጠይቅ ነበር። ካዩት ሰዎች 44 በመቶ ያህሉ ጠቅ እንዳደረጉት ይነገራል። ነገሩ አዲስ ስለ ነበር ነው እንጂ ሰው ማስታወቂያ ናፍቆ አልነበረም፤ አዲስነቱ ባለፈ ጊዜ የጠቅታው መጠን እየወረደ ሄዶ ዛሬ በአንድ ተራ ባነር ላይ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ከዚህ መውረድ የተነሣ ሁለት ነገሮች ተወለዱ፤ አንደኛው ማስታወቂያን በቍጥር ማብዛትና በግድ ማሳየት፣ ሁለተኛው ማን እንደሚያየው አስቀድሞ ማወቅ። የሠላሳ ዓመቱ ታሪክ በእነዚህ በሁለቱ ዙሪያ የሚዞር ነው።

ገንዘቡ የሚቈጠርባቸው መንገዶች ከብዙ በጥቂቱ እነዚህ ናቸው። የመጀመሪያው በመታየት ነው፤ ነጋዴው ማስታወቂያው አንድ ሺህ ጊዜ ለመታየቱ የተወሰነ ዋጋ ይከፍላል። ለምሳሌ የሺህ እይታ ዋጋ ሁለት ዶላር ቢሆንና አንድ ገጽ በወር መቶ ሺህ ጊዜ ቢከፈት፣ አንዲቱ የማስታወቂያ ቦታ 200 ዶላር ታስገኛለች ማለት ነው። ሁለተኛው በጠቅታ ነው፤ ሰሌዳው ቢታይም ቢቀርም፣ ክፍያው የሚታሰበው ተመልካቹ ጠቅ ሲያደርግ ብቻ ይሆናል። ሦስተኛውም አለ፤ ተመልካቹ ሄዶ ዕቃውን ቢገዛ ባለ ገጹ ከሽያጩ ድርሻ ያገኛል። በጠቅታ የመክፈሉን ሐሳብ ከጨረታ ጋር አዋሕዶ ገበያ ያደረገው ቢል ግሮስ የተባለ የካሊፎርኒያ ሰው ነው፤ በ1998 ጎቱ በተባለው የፍለጋ ገጹ ላይ ነጋዴዎች በቃላት ላይ እንዲጫረቱ አደረገ፤ ‹‹የሞት ካሣ ጠበቃ›› ወይም ‹‹ርካሽ የአውሮፕላን ትኬት›› የሚሉትን ቃላት ለሚፈልግ ሰው ቀዳሚ ሆኖ ለመታየት የሚሻ ነጋዴ፣ ከሌሎቹ የበለጠ መስጠት ነበረበት። ጉግል ይህን አካሄድ በ2002 ተቀብሎ አንድ ትልቅ ማሻሻያ ጨመረበት፤ ይኸውም ከፍ ያለ ዋጋ የሰጠው ብቻ እንዳይቀድም፣ ማስታወቂያው በተጠቃሚዎች ምን ያህል ጠቅ እንደ ተደረገ አብሮ መመዘን ነው። የተጠቃሚው ፈቃድ በዋጋው ውስጥ ገባ፤ ማንም የማይወደው ማስታወቂያ ብዙ ቢከፍልም ወደ ታች ወረደ። ከበይነ መረብ ማስታወቂያ ሁሉ ይህን ዐይነቱን ከተሻሉት እቈጥረዋለሁ፤ ጠያቂው ራሱ የሚፈልገውን ነገር በአንደበቱ ተናግሯልና፣ ማንም ተከትሎት መሰለል አላስፈለገውም።

በሌሎቹ ገጾች ላይ ግን ተጠቃሚው ምን እንደሚፈልግ አይናገርም፤ ለማንበብ የመጣ እንጂ ለመግዛት የመጣ አይደለም። እንግዲህ ማንነቱን ለማወቅ ሌላ ዘዴ ተፈለገ። በ1994 ኔትስኬፕ በተባለው ኩባንያ የሚሠራ ሉ ሞንቱሊ የሚባል መሐንዲስ፣ አንድ ድረ ገጽ ጎብኚውን እንዲያስታውስ፣ ለምሳሌም ሊገዛ የመረጠውን ዕቃ እንዳይረሳበት፣ በጎብኚው ኮምፒውተር ላይ አንዲት ትንሽ የጽሑፍ ምልክት የምትቀመጥበትን ጥበብ ፈለሰፈ፤ ስሟም ኩኪ ነው። የፈጠራው ዓላማ ንጹሕ ነበር። ነገር ግን በአንድ ገጽ ላይ የተሰቀለው ማስታወቂያ ራሱ ከሌላ ኩባንያ ሰርቨር የሚመጣ ስለሆነ፣ ያ ኩባንያ የራሱን ኩኪ ማስቀመጥ እንደሚችል ተስተዋለ፤ ያው ኩባንያ በአሥር ሺህ ገጾች ላይ ማስታወቂያ ካለው፣ አንድን ሰው በአሥሩም ሺህ ገጾች ላይ ያውቀዋል ማለት ነው። ጠዋት ስለ ስኳር በሽታ ያነበበው፣ ቀትር ላይ የሕፃን አልጋ ዋጋ የጠየቀው፣ ማታ የብድር ወለድ ያሰላው ሰው፣ ሦስቱን ለሦስት የተለያዩ ገጾች የተናገረ ሲመስለው፣ ሦስቱም በአንድ መዝገብ ላይ ተጽፈዋል። መቀመጫውን በኒው ዮርክ ያደረገው ደብልክሊክ በዚህ ሥራ የታወቀ ሲሆን፣ ጉግል በ2007 በ3.1 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛው ተስማምቶ በተከታዩ ዓመት ግዢውን ፈጸመ።

ዛሬ አንድ ገጽ ሲከፈት የሚሆነው ነገር ቀስ ብሎ ቢነገር ለማመን ያስቸግራል። አንባቢው አርእስቱን ነክቶ ጽሑፉ እስኪመጣ ድረስ ባለው ቅጽበት ውስጥ፣ ‹‹እንዲህ ያለ ስልክ የያዘ፣ በዚህ ከተማ አካባቢ ያለ፣ ቀደም ሲል ይህንና ያንን የተመለከተ ሰው መጥቷል፤ ዐይኑን የሚገዛ ማን ነው?›› የሚል ጥያቄ ወደ ማስታወቂያ ገበያው ይላካል፤ ከዚያም በነጋዴዎች ፈንታ የሚጫረቱ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ዋጋቸውን ይሰጣሉ፤ አሸናፊው ይለያል፤ የአሸናፊውም ሥዕል ከጽሑፉ ጋር ወይም ከጽሑፉ ቀድሞ ይደርሳል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ከአንድ ሰኮንድ አንድ አሥረኛ በሚሆን ጊዜ ነው። በዚህ ጨረታ ያልተሸጠ ሰው የለም ለማለት ይቻላል፤ ጨረታውን ያየ ግን የለም።

ጥበቡ የሚደነቅ ቢሆንም ገንዘቡ በመንገድ ላይ ይፈስሳል። የነጋዴው ወኪል፣ የወኪሉ የመጫረቻ መሣሪያ፣ ገበያው፣ የባለ ገጹ አሻሻጭ፣ መረጃ አቅራቢው፣ ማስታወቂያው በእውነት መታየቱን የሚያረጋግጠው መርማሪ፣ ሁሉም እየቈነጠሩ ያልፋሉ። የብሪታንያ አስተዋዋቂዎች ማኅበር ከሒሳብ መርማሪው ፒደብልዩሲ ጋር ሆኖ በ2020 ባወጣው ጥናት፣ ነጋዴው ካወጣው መቶ ፓውንድ ውስጥ ለአሳታሚው የደረሰው 51ዱ ብቻ ነበር፤ ከቀረው ውስጥም 15 ያህሉ በማን እጅ እንደ ቀረ መርማሪዎቹ ሊያገኙት አልቻሉም። ጥናቱ የተደረገው በታላላቅና በታወቁ ኩባንያዎች መካከል ስለ ነበር፣ ለታናናሾቹ ከዚህ የተሻለ ይሆናል ብሎ ተስፋ ማድረግ አይቻልም። ሰውን ለሚያስተምር ጽሑፍ መደገፊያ ይሆናል ተብሎ ከተሰበሰበ ገንዘብ እኩሌታው በደላሎች መካከል መቅረቱ፣ ሌላ ማንኛውም ነገር ባይኖር እንኳ፣ ሥርዓቱን ለመንቀፍ በቂ ምክንያት ነበር።

ታናሹ ባለ ገጽ በአብዛኛው የሚደገፈው በ2003 በተጀመረው የጉግል አድሴንስ ነው፤ ገጹን አስመዝግቦ ጥቂት መስመር ኮድ ከለጠፈ በኋላ ማስታወቂያው ከጉግል ይመጣለታል፣ ከገቢውም ኩባንያው ራሱ በ2010 እንደ ገለጠው 68 በመቶውን ያገኛል። በዩቲዩብም ረጅም ቪዲዮ ለሚያወጣ ሰው የሚደርሰው ድርሻ 55 በመቶ ነው። እዚህ ላይ የአማርኛ ተመልካች በራሱ የሚያውቀው ነገር አለ። የማስታወቂያ ዋጋ የሚቈረጠው ተመልካቹ ባለበት አገር ገበያ ልክ ስለሆነ፣ በዋሽንግተን ወይም በስቶክሆልም ተቀምጦ የሚያይ አንድ ሰው በደብረ ብርሃን ተቀምጦ ከሚያይ ሰው የበለጠ ገንዘብ ያስገኛል፤ በመሆኑም በአገር ውስጥ ያለውን ጉዳይ በአማርኛ የሚዘግብ ብዙ ቻናል፣ የሚተዳደረው በውጭ አገር በሚኖረው ወገናችን ዐይን ነው። ክፍያው በእውነትነት ሳይሆን በመታየት ስለሚለካም ‹‹ሰበር›› የሚለው ቃል በቀይ ፊደል ሳይሰበር የዋለበት ቀን የለም፤ በውጭ ያለው ሰው ስለ ቤተ ሰቡ ተጨንቆ ይከፍተዋል፣ በውስጡ ግን የሚሰበር ነገር አያገኝም። ይህን የሚያደርጉትን ሁሉ ክፉዎች ናቸው አልልም። ሥራቸውን የሚመዝነው ሚዛን ጠቅታን እንጂ ሐቅን አይቈጥርም፤ ሰውም በሚመዘንበት ነገር ላይ ይተጋል።

አደጋው አስቀድሞ ያልታየ አልነበረም። ጉግልን የመሠረቱት ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳሉ በ1998 ባቀረቡት የጥናት ጽሑፍ፣ በማስታወቂያ ገቢ የሚተዳደር የፍለጋ መሣሪያ ከባሕርዩ ወደ አስተዋዋቂዎች ያደላል፣ ከተጠቃሚውም ጥቅም ይርቃል ብለው ጽፈው ነበር። በ2023 የጉግል እናት ኩባንያ አልፋቤት ካገኘው 307 ቢሊዮን ዶላር ገቢ ውስጥ 238 ቢሊዮን ያህሉ ከማስታወቂያ የመጣ ነው። ሌላው ምስክር ኢታን ዙከርማን ነው። በ1990ዎቹ ትራይፖድ በተባለ ድርጅት ይሠራ በነበረበት ጊዜ፣ አንድ ትልቅ የመኪና ኩባንያ ማስታወቂያው ጸያፍ ነገር ካለበት ገጽ ጋር አብሮ በመታየቱ ስለ ተቈጣ፣ ማስታወቂያው ከገጹ ተለይቶ በራሱ መስኮት እንዲከፈት የሚያደርገውን ኮድ ጻፈ፤ ሳይጠራ ብቅ የሚለው፣ ሲዘጉት ሌላ የሚከፍተው መስኮት የመጣው ከዚያ ነው። በ2014 ‹‹ዘ አትላንቲክ›› በተባለው መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ ይቅርታ ጠይቋል፤ ጽሑፉ ግን ከዚያች መስኮት አልፎ፣ ኢንተርኔትን በማስታወቂያ ብቻ ለማስተዳደር የተወሰነውን የመጀመሪያውን ውሳኔ የበይነ መረብ ጥንተ አብሶ ብሎ ነበር የሰየመው። በአባት በደል ልጅ እንደሚከሰስ ሁሉ፣ ከዚያ በኋላ የተነሣ ገጽ ሁሉ፣ ባለቤቱ ቢወድም ባይወድም፣ አንባቢውን በነጻ የመቀበል ግዴታ ወርሶ ይወለዳል።

በቍጥር ላይ የቆመ ክፍያ ሌባንም ይጠራል። አንድ ሩሲያዊ ከግብረ አበሮቹ ጋር ሆኖ ሁለት ሺህ ያህል ሰርቨሮች ተከራይቶ፣ የታወቁ ጋዜጦችን የሚመስሉ የሐሰት ገጾች አዘጋጅቶ፣ ገጹን የሚያወርድ፣ ቪዲዮውን የሚጀምርና የሚያቆም ሰው መሳይ ፕሮግራም አሠማርቶ፣ ማንም ሰው ላላየው ማስታወቂያ ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተቀበለ፤ በ2021 በኒው ዮርክ የፌደራል ፍርድ ቤት የአሥር ዓመት እስራት ተፈረደበት። የዐይን ገበያ ዐይን የሌለውን ገዝቶ ነበር።

አንባቢውስ ምን አደረገ? የመጀመሪያው ምላሹ ማንም ያላስተማረው ነው፤ አለማየት። በሂዩስተን በሚገኘው በራይስ ዩኒቨርሲቲ ቤንዌይና ሌን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1998 ባደረጉት ጥናት፣ ሰዎች በገጹ ላይ ከሁሉ ጎልቶ፣ ከሁሉ ደምቆ የተቀመጠውን ሰሌዳ፣ የሚፈልጉት መረጃ በውስጡ እያለ እንኳ፣ ሳያዩት ያልፉ ነበር። ልቡና ራሱን የሚጠብቅበት ጥበብ አለው፤ የማስታወቂያ መልክ ያለውን ነገር ሁሉ፣ ይጥቀምም አይጥቀምም፣ አስቀድሞ ይዘጋዋል። ነጋዴዎቹ በዚህ ጊዜ ድምፁን ከፍ አደረጉ፤ ሥዕሉ መንቀሳቀስ፣ ቪዲዮው ሳይነኩት መናገር፣ ሰሌዳው ጽሑፉን መሸፈን ጀመረ፤ አንባቢውም ከአለማየት ወደ ማገድ ተሸጋገረ። በ2002 ሄንሪክ ሶረንሰን የተባለ ዴንማርካዊ ተማሪ አድብሎክ የሚባለውን ማገጃ ሠራ፤ በ2006 ቭላዲሚር ፓላንት አድብሎክ ፕላስን አወጣ፤ በ2015 ደግሞ አፕል በአይፎን ላይ እንዲህ ያሉ ማገጃዎች እንዲጫኑ ፈቀደ። በአንድ ጊዜ አሥር ሰሌዳ ይጫን የነበረው ገጽ ቀለለ፣ ፈጠነ፣ ዝም አለ።

ማገጃ መጠቀም ስርቆት ነውን? ይህን ጥያቄ በግልጥ ካነሡት ሁሉ አርስ ቴክኒካ የተባለው የቴክኖሎጂ ድረ ገጽ ያደረገው ነገር ትልቅ ትምህርት ስለሚሰጥ ጥቂት ልቆይበት እወዳለሁ። በማርች 2010 ገጹ ለአሥራ ሁለት ሰዓታት ያህል፣ የታወቀውን ማገጃ ለሚጠቀሙ አንባቢዎቹ ጽሑፉ እንዳይታያቸው አደረገ፤ ገጹን ሲከፍቱ ባዶውን አገኙት። ብዙዎች ተቈጡ። መሥራቹ ኬን ፊሸር በማግስቱ በጻፈው ማብራሪያ፣ ገጹ የሚከፈለው በጠቅታ ሳይሆን በመታየት ስለ ነበር ‹‹እኔ ማስታወቂያ ጠቅ ስለማላደርግ ባግደውም አልጎዳም›› የሚለው ሐሳብ ስሕተት መሆኑን አስረዳ፤ ከተመጋቢዎቹ 40 በመቶው ሳይከፍሉ የሚወጡበት ምግብ ቤት እንዴት ሊቆም እንደሚችልም ጠየቀ። ነገር ግን በዚያው ጽሑፍ ለእኔ ከሁሉ የበለጠ መስሎ የታየኝ፣ አጋጆቹ ሁሉ በክፋት ያግዱ ይመስለው እንደ ነበር፣ ከአንባቢዎቹ ምላሽ በኋላ ግን ብዙዎቹ ጉዳቱን ከቶ ሳያውቁት እንደ ኖሩ መረዳቱን መናገሩ ነው። ሲነገራቸው ማገጃውን ለዚያ ገጽ ያነሡ ነበሩ፤ ገንዘብ ከፍለው ደንበኛ የሆኑም ነበሩ።

ከዚህ የምረዳው፣ አንባቢው በመሠረቱ ክፍያን የሚጸየፍ እንዳልሆነ ነው። ሳይጠየቅ ስለ ተከፈለበት፣ ሳይነገረውም ስለ ተሸጠ በሩን ዘጋ። ባለ ገጹም ሐቅ አለው፤ አንባቢውም ሐቅ አለው። የፊሸር የምግብ ቤት ምሳሌ በአንድ ነገር ይጎድላል፤ በምግብ ቤት ዋጋው በዝርዝር ተጽፎ ይታያል፣ ተመጋቢውም ወጥቶ ሲሄድ የቤቱ አሳላፊ እስከ መኝታ ቤቱ ድረስ አይከተለውም። ዋጋው ያልተጻፈበትን፣ በከፈለም ጊዜ ዱካውን አብሮ የሚወስድበትን ገጽ የሚያግድ ሰው፣ ቤቱን እንደሚዘጋ ሰው እንጂ እንደ ሌባ ሊቈጠር አይገባም። በአገራችን ደግሞ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ፤ ኢንተርኔትን በሜጋ ባይት ጥቅል እየገዛ የሚጠቀም ሰው፣ በራሱ የሚንቀሳቀሰው ቪዲዮ የሚበላውን ዳታ ከኪሱ ይከፍላል፤ ማስታወቂያውን ለማየት የሚከፍለው አስተዋዋቂው ብቻ ሳይሆን ተመልካቹም ጭምር ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ለምን ታግዳለህ ብሎ መውቀስ ፍትሕ አይመስለኝም።

ፍርድ ቤቶችም ጉዳዩን አይተውታል። በጀርመን አክስል ሽፕሪንገር የተባለው ታላቁ አሳታሚ በ2015 ‹‹ቢልት›› በተባለው ጋዜጣው ገጽ ላይ ማገጃ ያላቸው ሰዎች ወይ ማገጃውን እንዲያነሡ ወይ በወር 2.99 ዩሮ እንዲከፍሉ ጠየቀ፤ የአድብሎክ ፕላስን ባለቤት ደግሞ ከሰሰ። ክሱ እስከ ፌደራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደርሶ በኤፕሪል 2018 ማገጃው ሕጋዊ ነው ተብሎ ተፈረደ። የሚያሳዝነው፣ ማገጃውም ራሱ ንጹሕ ሆኖ አለመገኘቱ ነው፤ አድብሎክ ፕላስ ከ2011 ጀምሮ ‹‹ተቀባይነት ያላቸው›› የሚላቸውን ማስታወቂያዎች ያሳልፋል፣ ከታላላቆቹም ኩባንያዎች ለዚሁ ክፍያ ይቀበላል። ደላላ በዛ ብሎ በሩን የዘጋ አንባቢ፣ የበሩ ዘበኛ ሌላ ደላላ ሆኖ አገኘው።

መንግሥታት የገቡበት ዘመን ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ነው። ሜይ 25 ቀን 2018 በሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብ፣ ዱካን ለመከተል የሰውየው ፈቃድ ያስፈልጋል ብሎ ስላዘዘ፣ በየገጹ ‹‹ኩኪ ትቀበላለህን?›› የሚል ሰሌዳ ተተከለ። ‹‹እቀበላለሁ›› የሚለው በአንድ ንክኪ፣ ‹‹አልቀበልም›› የሚለው ግን ከብዙ ገጽ በስተ ኋላ ተደብቆ ነበር፤ ስለዚሁ የፈረንሳይ ተቈጣጣሪ በ2022 መጀመሪያ ላይ ጉግልን 150 ሚሊዮን፣ ፌስቡክን 60 ሚሊዮን ዩሮ መቅጣቱን አስታወቀ። በአንጻሩ አፕል በኤፕሪል 2021 በአይፎን ላይ ጥያቄውን አሳጥሮ፣ ሁለቱን መልሶች እኩል አድርጎ፣ ‹‹ይህ መተግበሪያ ዱካህን እንዲከተል ትፈቅዳለህን?›› ብሎ ሲያቀርብ፣ እጅግ ብዙ ሰው አልፈቅድም አለ፤ የፌስቡክ ባለቤት ሜታም ይህ በ2022 ብቻ 10 ቢሊዮን ዶላር ያህል ገቢ እንደሚያሳጣው ገመተ። ጥያቄው በእውነት ሲጠየቅ መልሱ ምን እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም። ኢትዮጵያም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016ን (ይህኛው በእኛ አቈጣጠር ነው) አውጥታለች፤ አፈጻጸሙ የዚህን ገበያ ጉዳይ እስኪነካ ድረስ ግን ገና ጊዜ ይፈልጋል።

ይህን ሁሉ ስል ማስታወቂያ በራሱ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። በዋሽንግተን አካባቢ ከ1990ዎቹ ጀምሮ የሚታተመው የኢትዮጵያውያን የሎው ፔጅስ ከዳር እስከ ዳር ማስታወቂያ ነው፤ ሆኖም ሰዎች ወደ ቤታቸው ወስደው ያኖሩታል፣ አማርኛ የሚናገር ሐኪም ወይም ጠበቃ፣ እንጀራ የሚሸጥ ሱቅ፣ ሰርግ የሚያዘጋጅ ሰው ባስፈለጋቸው ጊዜ ያወጡታል። ያ መጽሐፍ አንባቢውን አይከተልም፤ አንባቢው ነው ወደ እርሱ የሚሄደው። ማስታወቂያ ከሰውየው ታሪክ ጋር ሳይሆን ከገጹ ጉዳይ ጋር ሲስማማ፣ ለምሳሌ ስለ እርሻ በሚያትት ጽሑፍ ጎን የዘር አቅራቢ ሲቀመጥ፣ ስለላ ሳያስፈልገው ይጠቅማል።

ይህ ምኞት ብቻ እንዳልሆነ ከሆላንድ የመጣ ማስረጃ አለ። የአገሪቱን የሕዝብ ማሰራጫ ማስታወቂያ የሚሸጠው ስቴር የተባለው ድርጅት፣ የአውሮፓ ኅብረቱ ደንብ ከመጣ በኋላ ተመልካቾቹን በግልጥ ሲጠይቅ እጅግ ብዙዎቹ ዱካቸው እንዲያዝ አለመፍቀዳቸውን ስላየ፣ ከ2020 መጀመሪያ ጀምሮ ኩኪን ጨርሶ ተወ፤ ማስታወቂያውን ሁሉ በፕሮግራሙና በጽሑፉ ጉዳይ ብቻ መሸጥ ጀመረ። ያዩት ሁሉ ገቢው ይወድቃል ብለው ሲጠብቁ፣ በጃንዩዋሪና በፌብሩዋሪ ያገኘው ከቀደመው ዓመት ተመሳሳይ ወራት ከግማሽ በላይ ጨምሮ ተገኘ። ምክንያቱ ሁለት ነው፤ አንደኛ፣ ኩኪ ያልፈቀዱት ተመልካቾች ቀድሞ በርካሽ ይሸጡ ነበር፣ አሁን ግን ሁሉም እኩል ሆኑ፤ ሁለተኛ፣ በመካከል ሲቈነጥሩ የነበሩት ደላሎች ሥራ ስላጡ ገንዘቡ ሳይጎድል ደረሰ። ‹‹ኒው ዮርክ ታይምስ››ም ለአውሮፓ አንባቢዎቹ በዱካ ላይ የተመሠረተውን ጨረታ ሲያቆም የማስታወቂያ ገቢው አልወደቀም።

በእርግጥ ስቴርም ሆነ ‹‹ኒው ዮርክ ታይምስ›› ነጋዴው ራሱ ፈልጎ የሚመጣላቸው ታላላቆች ናቸው። ታናሹ ባለ ገጽ የራሱ ሻጭ ስለሌለው ከጉግል ገበያ መውጣት ይከብደዋል፤ ያ ገበያም ቢሆን እኩል ሜዳ አልነበረም፤ በኤፕሪል 2025 በቨርጂኒያ የፌደራል ዳኛዋ ሊዮኒ ብሪንክማ፣ ጉግል ባለ ገጾቹ በሚጠቀሙበት መሣሪያና በማስታወቂያው ገበያ ላይ ሕገ ወጥ ብቸኛ ገዥነት ይዟል ብለው ፈርደዋል። የአማርኛ ገጽ ባለቤት ግን በአንድ ነገር ከብዙዎቹ ታናናሾች ይሻላል፤ የእርሱ ነጋዴዎች የሚታወቁ፣ በስልክ የሚገኙ፣ ከአንባቢዎቹም ጋር በአንድ ሰንበቴ፣ በአንድ ዕድር፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ የሚገናኙ ሰዎች ናቸው። የጉዞ ወኪሉን፣ የጭነት ላኪውን፣ የሒሳብ ባለሙያውን በቀጥታ አነጋግሮ፣ ወርኃዊ ዋጋ ተስማምቶ፣ ሥዕላቸውን ያለ ኩኪ በገዛ ሰርቨሩ ላይ ቢያኖር ገንዘቡ ሳይቈነጠር ይደርሰዋል። እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ ማገጃው እንኳ በአብዛኛው አይነካውም፤ ማገጃዎቹ በዋናነት የሚሠሩት የታወቁትን የማስታወቂያ ሰርቨሮች አድራሻ በዝርዝር ይዘው እየለዩ ስለሆነ፣ ከገጹ ከራሱ የመጣ፣ ድምፅ የሌለው፣ ማንንም የማይከተል አንድ ተራ ሥዕል በዝርዝራቸው ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገኝም።